ሬዲዮ የደበቀችው ቃል

ሬዲዮ የምንላት አፏ ሥራ ስለማይፈታ ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሷም ሳትቀየመኝ ተቀበለችው። እኔ የልጆቹ መኪና ሹፌር ነኝ። ጠዋት ሰባቱን ልጆች ከየደጃፋቸው ከነዊልቸራቸው እየጫንኩ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደየቤታቸው እመልሳለሁ። እሷ የክፍላቸው ረዳት ናት፤ መኪናው ውስጥም ከኋላ ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጀርባዬ ስታወራ ኖራለች። ጆሮዬን በልታ ጨርሳዋለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጀመሪያ የተቀጠረችው በጽዳት ነበር። ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ባለአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። ክፍሉን ስትወለውል ልጆቹን ታወራቸዋለች። “አንተ ጎረምሳ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስከፋህ?” ትልና የመወልወያዋን እንጨት ተደግፋ ትጠብቃለች። ልጁ አይናገርም፤ እጁም አንገቱም አይታዘዝለትም። እሷ ግን አንድ ደቂቃም ሁለት ደቂቃም ትጠብቃለች። ልጁ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ካዞረ፣ “አሃ፣ ዝናቡ ነዋ!” ትለዋለች። ሌላው ሰው እነዚህን ልጆች ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔም ያው ነበርኩ። የክፍሉ መምህርት ይህን ስታይ ከረመችና መወልወያውን አስጥላ ረዳቷ አደረገቻት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መናገሪያዎቹ መጡ። መናገሪያ የምንለው ታብሌት ነው። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሥዕሎች በየሳጥኑ ተደርድረዋል፤ ልጁ አንዱን ሲነካ ማሽኑ ቃሉን ጮክ ብሎ ይናገርለታል። ችግሩ አብሮት የመጣው ድምፅ ነበር። የእኛን ቋንቋ ሲያወራ ጥርሱ እንዳለቀ ሽማግሌ ያደርገዋል፤ ልጆቹም ፈሩት። ስለዚህ የሰው ድምፅ እንቅዳበት ተባለ። የማን ድምፅ ይሁን የሚለው ማንንም አላከራከረም።

ቀረጻው ፍራሽ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሆነ፤ ፍራሹ የውጭውን ጫጫታ ይውጥልናል ብለን ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰው እንዳያልፍ እጠብቃለሁ። ሬዲዮ ወረቀቱን ይዛ ሁለት መቶ አርባ ቃል አነበበች፤ ሁሉንም የምሥራች እንደምታበስር ሆና። “ውሃ!” “በቃ!” “እማዬ!” “ያመኛል” የሚለው ላይ ስትደርስ ደግሞ እኔ ሆዴን ይዤ ፊቴን አጣመምኩባት። ሳቋ መጣባት። “ያመኛል”ን እየሳቀች ተናገረችው፤ እንደዚያው ተቀድቶ ቀረ። ድገሚው ያላት ሰው የለም፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ልጆች በአንድ ሴት አፍ ማውራት ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ ስትሄዱ ከአንዱ በር ሬዲዮ ውሃ ትለምናለች፣ ከሌላው በር ሬዲዮ “አልፈልግም” ትላለች፣ እውነተኛዋ ሬዲዮ ደግሞ መሀል ላይ ቆማ “ምን ጉድ ውስጥ ነው የገባሁት!” እያለች ትስቃለች። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ይህን የምለው ደስ ይል እንደነበር እንዳልረሳው ብዬ ነው።

ከሰባቱ አንዷን ዳኛዋ እንላት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከመላ አካሏ የሚታዘዝላት የግራ እጇ ብቻ ነበር፤ ስክሪኑን የምትነካውም በታጠፈ መሀል ጣቷ መገጣጠሚያ ነው። ከመንካቷ በፊት ሰውን ትክ ብላ ታየዋለች። ስታየው፣ ስታየው ቆይታ ፍርዷን ትሰጣለች፤ “አልወድም።” እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሌላ ልጅ የላትም፣ አባትየው ከሄደ ቆይቷል።

ሬዲዮ ዳኛዋን የመጀመሪያዋን ቃል ለማስተማር ሰባት ወር ፈጅቶባታል። እጇን እየደገፈች፣ ያንኑ ሥዕል ቀን በቀን እያሳየች። አንድ ቀን ዳኛዋ ማንም ሳይረዳት እጇን እየጎተተች ሄዳ ነካች፤ “ሂጂ” አለቻት። ሬዲዮ እየጨፈረች ኮሪደሩን ዞረችው። “ሂጂ አለችኝ! ሰምታችኋል? ሂጂ አለችኝ እኮ!” ሲያባርሯት እንደዚያ የፈነደቀች ሰው አይቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ዳኛዋ “ያመኛል”ን አገኘችው። መጀመሪያ ሁላችንም ደነገጥን። ነርሷ ጥርሷንም ጆሮዋንም አየች፤ እናቷ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ሐኪሙ ሆዷን ነካክቶ ምንም የለባትም አለ። ዳኛዋ ግን አላቆመችም። ክፍል ውስጥ ያመኛል፣ ምሳ ላይ ያመኛል፣ መኪናው ውስጥ ያመኛል፤ ያውም በዚያ በሚስቅ ድምፅ። ቀስ በቀስ ሰው መስማቱን ተወ። መምህርቷ “ድምፁን ወዳዋለች መሰለኝ” አለች። እኔ ደግሞ በየጉድጓዱ ስትለው ጊዜ፣ “ይህቺ ልጅ የመኪናዬን ስም አጠፋችው” እያልኩ አሾፍ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ማሾፉ አለቀብኝ። መንገዱ ተጨናንቋል፣ ከኋላዬ ያመኛል፣ ያመኛል፣ ያመኛል። አንዱን ብስክሌተኛ ልገጨው ስል ለጥቂት ሳትኩት። ዳር ይዤ ቆምኩና ሬዲዮ ላይ ዞርኩባት።

“ወይ ዝም አሰኚልኝ፣ ወይ እኔ ከዚህ መኪና እወርዳለሁ!”

“ሐኪሙ እኮ አይቷታል” አለች ሬዲዮ።

“ታዲያ ምንም የለባትም አላለም? ምንም ከሌለባት ጨዋታ ነው። ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ዝጊዋ! መዝጊያ የለውም ይኼ ነገር?”

ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች አንድ ነገር እያሰበች ነው።

መዝጊያ ነበረው። ያንን የምታውቀው እሷ ናት፤ ቃል የምትጨምረውም የምታስተካክለውም እሷ ነበረች። አንድን ሥዕል “ደብቅ” ካሉት ይጠፋል፤ የሌሎቹ ቦታ እንዳይዛባ ግን ሳጥኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሥልጠናው ላይ ከሁሉ አስቀድመው ያስጠነቀቋቸው ይህንን ነበር፤ ልጅ ቃል አበዛ ተብሎ ቃል አይወሰድበትም። ሬዲዮ ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፤ በኋላ አሳይታኛለች። ግን ሰኞ ጠዋት ደበቀችው። “ለጥቂት ቀን ነው፣ እስክትረሳው” አለችኝ። እኔም “ተባረኪ” አልኳት። በዚያ ቀን መኪናዬ ውስጥ ጸጥታ ነበር፤ እየነዳሁ አፏጨሁ።

ዳኛዋ ነጩን ሳጥን ነካችው። ምንም የለም። ደግማ ነካችው። ሬዲዮን አየቻት፣ እኔን በመስታወቱ አየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ሆነች። አለቀሰችም፤ ግን እነዚህ ልጆች ያለቅሳሉ፣ ሁልጊዜ ምክንያቱን ማወቅ አይቻልም፣ እንላለን።

በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ቃል ይዛ መጣች። “ተበላሽቷል።” ይህ ቃል የዕቃዎች ገጽ ላይ ያለ ነው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ሦስት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል፣ ለእሷ እጅ ሦስት ጊዜ ማለት አራትና አምስት ደቂቃ ነው። መጫወቻ ሲሰበር ወይም ታብሌቱ እምቢ ሲል እንድትል ነበር ያስተማረቻት። ሬዲዮ በጣም ደስ አላት።

“ጋሼ፣ ና እስቲ፣ ዳኛዋ አቤቱታ አላት። ወንበሯን እይላት።”

ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩ። ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ የጎማውን መዞሪያ ዘይት ቀባሁት። “በቃ እመቤቴ፣ ተስተካክሏል” አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን እየጎተተች፣ እየጎተተች፣ “ተበላሽቷል” አለች። ማክሰኞ የታብሌቱን ቻርጀር ቀየርነው። ረቡዕ የእግር ማሳረፊያውን ፈትቼ እንደ አዲስ ገጠምኩት። ሐሙስ ቀበቶዋን አላላንላት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ ይህቺ ልጅ እንዴት ያለ ዓይን አላት፣ እኔ ያላየሁትን ብሎን ሁሉ ታያለች፣ እያልኩ ለሰው አወራሁ።

ዓርብ ደጃፋቸው ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ጎረቤት ወጥቶ ሐኪም ቤት ናቸው አለን። ቅዳሜ ሞተች። አንጀቷ ተጠማዝዞ ነበር። ሐኪሙ ለእናቷ እንደነገራት እንዲህ ያለው ነገር እንደዚህ ያሉ ልጆች ላይ ይከሰታል፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን ድንገት ይመጣል፣ አንዳንዴ ሕመሙ መጣ ሄድ እያለ ሳምንታት ይቆያል። የእሷ የትኛው እንደነበር ማወቅ አይቻልም አለ። ድንገት ነው ቢሉን እናርፍ ነበር። ቆይቷል ቢሉንም የምንሸከመውን እናውቀው ነበር።

ሬዲዮ ከዚያ በኋላ ተዘጋች። መኪናው ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያየች ትሄዳለች። የቀሩት ስድስቱ ልጆች ግን በእሷ ድምፅ፣ በዚያ በደስታው ጊዜ ድምፅ፣ ማውራታቸውን ቀጠሉ። ኮሪደሩ ላይ አንዱ መናገሪያ “እማዬ!” ሲል ድንግጥ ትላለች። በገዛ ድምፅዋ የምትባንን ሰው ከእሷ በቀር አላውቅም። ሥራውን ልትለቅ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈች፣ ሁለቴም ቀደደችው። “እኔ ብሄድም እዚሁ ነኝ” አለችኝ።

እኔስ? እኔ በመንፈስ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ እንዲህ የሚያወሩ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። ግን ልጆቹን አድርሼ ባዶ መኪና ስመልስ፣ እነ ዳኛዋ ሰፈር ያለችው ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲወድቅ፣ ከኋላ “ተበላሽቷል” ይለኛል። ዞሬ አያለሁ። ሁልጊዜ ዞሬ አያለሁ። የእሷ ቦታ ላይ ወንበር የሚታሰርበት ሰንሰለት ብቻ ይወዛወዛል።

ከሁሉ የከፋው ስልኩ ነበር። መናገሪያው የእናትየው ስለነበር ቤት ቀርቷል። እናትየው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ዳኛዋ ከመኪና በምትወርድበት ሰዓት፣ ለሬዲዮ ትደውላለች።

“ምንም አይደለም እህቴ፣ ድምፅሽን ልሰማ ብዬ ነው። የልጄ ድምፅ እኮ ያንቺ ነው፤ ሌላ ድምፅ የላትም።”

ሬዲዮም “ሄሎ፣ እንዴት ነሽ!” ትላለች፣ በዚያ በመጋዘኑ ድምፅ፤ ሴትየዋ የፈለገችው እሱን መሆኑን ስለምታውቅ። ስልኩን ትዘጋና ፊቷን ልትታጠብ ትሄዳለች። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። እውነቱን ልትነግራት በየቀኑ ታስባለች፣ በየቀኑ ሄሎ ብላ ትዘጋለች።

አንድ ቀን እናትየው ታብሌቱን ለሌላ ልጅ መስጠት እፈልጋለሁ፣ መጥተሽ ውሰጂው አለቻት። እኔ ነኝ በመኪና የወሰድኳት። መንገድ ላይ ሬዲዮ ድንገት፣ “ዛሬ እነግራታለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“ታውቀዋለህ።”

“ለማን ይጠቅማል?” አልኳት። “ልጅቱን አይመልሳት። ሴትየዋን እንደገና ልትገድያት ነው እንዴ? ተይ፣ ዕቃውን ተቀብለን እንውጣ።”

ይህን ያልኩት ለእናትየው አዝኜ ነው ብዬ ነበር። ለራሴ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

የእናትየው ቤት የፊት ክፍሉ ሥራ ቦታዋ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ በጠመኔ የተሰመረ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ተከምሯል፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ። ታብሌቱ ጠረጴዛ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሬዲዮን አስቀመጠቻት። እኔ የመኪና ቁልፌን እንደያዝኩ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

“ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለች እናትየው። ጨርቁን ገልጣ ታብሌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። “በየቀኑ እየነካሁ ስሰማው ነው ያየሁት። ይኼ ቦታ ምንድን ነበር?”

ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ሥዕሎቹ ላይ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ተጭሯል። ነጩ ሳጥን ላይ ግን ተፍቆ፣ ተፍቆ፣ ደብዝዞ ጎድጉዷል። ከበሩ ሆኜ እንኳ ይታየኛል።

“የምትወዳቸውን እንኳ እንዲህ አልፋቀቻቸውም” አለች እናትየው። “ባዶውን ለምን ፋቀችው?”

እጇ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ነው በያት፣ አልኩ በልቤ። ሬዲዮ ነጩን ሳጥን ታያለች። እናትየው ጠበቀች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። እንደዚያ መጠበቅ የሚችል ሰው ከሬዲዮ በቀር አለ ብዬ አላስብም ነበር።

“ባዶ አልነበረም” አለች ሬዲዮ። “ያመኛል የሚለው እዚያ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት። አበዛችው ብዬ።”

የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ የነበረው የእናትየው እግር ተንቀሳቀሰ፤ መርፌው አንዴ ወርዶ ቆመ።

“ስንት ቀን?”

“አሥራ አንድ።”

“ብቻሽን ነው የወሰንሽው?”

“ብቻዬን።”

እናትየው አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እኔ አየች። “ጋሼ፣ እርስዎስ ያውቁ ነበር?”

“እሱ ምን ያውቃል” አለች ሬዲዮ ቀድማኝ። “እሱ ሹፌር ነው።”

እናትየው አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ታብሌቱን ወደ ሬዲዮ ገፋችውና “መልሺው” አለች። ሬዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ መለሰችው። ነጩ ቦታ ላይ እጁ በፋሻ የተጠቀለለ፣ የሚያለቅስ ልጅ ሥዕል ብቅ አለ። እናትየው ጣቷን እንደ ልጇ አጥፋ በመገጣጠሚያው ነካችው።

“ያመኛል!” አለች የድሮዋ ሬዲዮ፣ እየሳቀች።

እናትየው እጇን ከስክሪኑ ላይ ፈጥና አነሳችው። ይህን ድምፅ ከሰማችው ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሌሎቹን ቃላት ስትሰማ ኖራ ይህ እንደዚህ መሆኑን ረስታዋለች።

“እንዲህ እየሳቁ ያመኛል ቢሉት ማን ያምናል?” አለች ቀስ ብላ። “አጥፊው። እንደገና በይው። ለሚቀጥለው ልጅ።”

ሬዲዮ መቅጃውን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣላትም። ሁለተኛም አልወጣላትም። በሦስተኛው ተናገረችው፤ አንድ ቃል። ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበር አልነግራችሁም። ጨርቆቹ ሳይቀሩ የሰሙት መሰለኝ።

“ይኼ ይሁን” አለች እናትየው። ታብሌቱን ጨርቁ ውስጥ ጠቅልላ ሰጠቻትና በሩን ከፈተች። “ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ። ከእንግዲህ ግን አልደውልልሽም። አንቺም አትምጪ።”

ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ ጮኾ አያውቅም። ሬዲዮ ግን አሁንም በዚያ ሰዓት ስልኳን አውጥታ ታየዋለች። እንደገና ማውራት ጀምራለች፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። ልጆቹ ሲነኩ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ከበፊቱም ረዘም አድርጋ።

ታብሌቱ ለአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ተሰጠ። አንዳንድ ቀን መኪናው ውስጥ ያንን ሥዕል ትነካዋለች፣ ያ ድምፅ ይወጣል። ያን ጊዜ የትም ልሁን ዳር ይዤ እቆማለሁ። ከኋላዬ ክላክስ ይጮሃል፣ ይሰድቡኛል፤ ይስደቡ፣ አልሰማቸውም። ሬዲዮ ተነስታ “የት ጋ ነው የኔ እመቤት?” ትላታለች። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም፤ ቀበቶው ጠብቆባት ነው፣ ወይም ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ።

ስለ ሬዲዮ ነው የጀመርኩላችሁ፣ እሷን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። እሷ ያደረገችውን አደረገች፣ ሄዳም ፊት ለፊት ተናገረች። እኔን ግን እናትየው እዚያ በር ላይ “እርስዎስ?” ብላ ጠይቃኛለች። ዝም አሰኚልኝ፣ ዝጊዋ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ከእኔ ማንም አልደበቀውም።